ነፃ ከተባለ እስከ መጨረሻው ነፃ ይሁን
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የኦፐሬቲንግ ሲስተም (የኮምፒውተርና የስልክ ዋና ሶፍትዌር) ሠሪዎች፣ እንደ ማይክሮሶፍትና አፕል ያሉት፣ የፕሮግራሚንግ መሣሪያ፣ ማለትም አፕ የሚሠራበትን ሶፍትዌር፣ በነፃ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም ይላል። አልስማማም። ሰው ስልክም ሆነ ኮምፒውተር የሚገዛው አፕ ሊጠቀምበት ነው። አፕ የሚሠራላቸውን ሰው መሣሪያ ማስከፈል ራሳቸውን ነው የሚጎዳው። ማይክሮሶፍት እንኳን እ.ኤ.አ. በ2014 ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ የተባለውን መሣሪያ ለተማሪና ለግል ሠሪ በነፃ ለቋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የአፕል ነገር ነው። የአይፎን አፕ የሚሠራበት ኤክስኮድ ነፃ ነው ይባላል፤ ግን የሚሠራው ማክ በሚባለው የአፕል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። አፑን በአፕል የአፕ መደብር፣ አፕ ስቶር ላይ ለማውጣት ደግሞ በየዓመቱ 99 ዶላር ይከፈላል። የአንድሮይድ ስልኮች የአፕ መደብር የሆነው ጎግል ፕሌይ አንዴ 25 ዶላር ተቀብሎ ያበቃል፤ የአንድሮይድ አፕ መሥሪያው አንድሮይድ ስቱዲዮም ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ በየዓመቱ ዶላር የሚከፍልበት ካርድ ከየት ያምጣ? ቢያንስ ለተማሪዎች ይህ ክፍያ ይቅር።