ማስተካከያ፦ ከ12ቱ ዘፈኖች አንዱ የሮሊንግ ስቶንስ አይደለም

በ2023 እ.ኤ.አ. ስለወጣው የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ አልበም፣ «ሃክኒ ዳይመንድስ»፣ ስጽፍ 12ቱም ዘፈኖች የራሳቸው ናቸው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የራሳቸው 11ዱ ናቸው። የመጨረሻው የብሉዙ አንጋፋ መዲ ዋተርስ በ1950 ያስቀረጸው ዘፈን ነው። ባንዱ ስሙን ያወጣው ከዚሁ ዘፈን መሆኑን እያወቅኩ መሳቴ ያሳፍራል! ይህን ዘፈን የሚጫወቱትም የባንዱ አባላት ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ብቻ ናቸው፤ ጊታር፣ ሃርሞኒካና ድምፅ፣ በቃ።

ሙሉ በሙሉ የሌሎችን የብሉዝ ዘፈኖች የያዘው የ2016ቱ «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» ነው። እሱ በሦስት ቀን ነው የተቀዳው።

«ሃክኒ ዳይመንድስ» ጉልበት አለው ያልኩትን ግን አልቀይርም። ጃገርና ሪቻርድስ ያኔ 80 ዓመት አካባቢ ሆነው እንዲህ መጫወታቸው ያስቀናል።