ጆከር ሲወጣ

በሚና ጨዋታ ውስጥ የውጊያውን ተራ በመጫወቻ ካርታ አውጡት የሚለው ሐሳብ በጣም ተመችቶኛል። እዚህ ደብረ ብርሃን አራት ሆነን ገጸ ባሕርይ እየያዝን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። በዳይስ ብቻ ስንዋጋ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ስልኩን ይጎረጉራል።

‹ሳቬጅ ወርልድስ› የተባለው የሚና ጨዋታ ተራ የሚያወጣው በካርታ ነው። በየዙሩ ይታደላል፤ ትልቅ የያዘ ይቀድማል። ጆከር የደረሰው ባሻው ሰዓት ይገባል፤ ዳይሱ ላይም 2 ይጨመርለታል።

ባለፈው ቅዳሜ ብርዱ ጋቢ አስደርቦናል። ታሪካችን ጣርማ በር ላይ ነው፤ በጉሙ ውስጥ ሽፍቶች ከበውናል። የታናሽ ወንድሜ ገጸ ባሕርይ ቆስሎ ድንጋይ ተደግፏል። ካርታውን ቀስ ብሎ ገለጠው። ጆከር! ሁላችንም ብድግ አልን። በዳይስ እንዲህ ሆነን አናውቅም።

ጆከር የወጣበት ዙር ሲያልቅ ካርታውን መልሳችሁ መበወዝ እንዳትረሱ። እኛ ረስተነው ጆከሮቹ አለቁና ውጊያው ቀዘቀዘብን።