የከሰረ ሙዚቃ ቤት ሲያስቅ

ፈረንጅ ሲከስር ፊልም ይሠራበታል፤ እኛ ስንከስር ስልካችንን እናጠፋለን። ይህ ነገር የከነከነኝ እዚህ እንግሊዝ አገር «ትዌንቲ ፎር አወር ፓርቲ ፒፕል» የተባለውን ፊልም ካየሁ ወዲህ ነው። ማይክል ዊንተርቦተም በ2002 ያወጣው ኮሜዲ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው፤ ስደት ያስለመደኝ ክፉ አመል)። የሚተርከው ፋክተሪ ሬከርድስ ስለተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ነው፤ በ1978 ማንችስተር ውስጥ ተቋቁሞ በ1992 ዕዳ ውጦት ስለቀረው ድርጅት።

ዋናው ሰውዬ ቶኒ ዊልሰን ይባላል። ቀን ቀን ግራናዳ በሚባለው ቴሌቪዥን የአካባቢውን ወሬ የሚዘግብ፣ ማታ ማታ የከተማዋን ወጣቶች እየሰበሰበ ሸክላ የሚያሳትም፣ ካምብሪጅ የተማረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ስቲቭ ኩገን እሱን ሆኖ ሲጫወት ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ለዜና ብሎ በተንሳፋፊ ክንፍ ከኮረብታ ላይ ይበራል፤ ይከሰከሳል። ከዚያም ወደ ካሜራው ዞሮ አወዳደቁ ምሳሌ መሆኑን፣ ምሳሌው ያልገባው ሰው ደግሞ ትንሽ ቢያነብ እንደሚሻለው ለተመልካቹ ይነግረዋል። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ነው። ሰውዬው ይናገራል፣ ይወድቃል፣ ወድቆም ይናገራል።

የሽንት ቤቱን ትዕይንት ሳልተርክላችሁ አላልፍም። የዊልሰን ሚስት በባሏ ተናዳ፣ ሃዋርድ ዲቮቶ ከተባለ ዘፋኝ ጋር ክለብ ሽንት ቤት ውስጥ ስትማግጥ ባል ይደርስባቸዋል። እዚያው አንድ ጽዳት ሠራተኛ አለ። ይሄ ሰው ቀና ብሎ ካሜራውን ያይና፣ እንዲህ ያለ ነገር መፈጸሙን ፈጽሞ እንደማያስታውስ ይናገራል። ጽዳት ሠራተኛው ራሱ እውነተኛው ሃዋርድ ዲቮቶ ነው! በሐሜቱ የተነካው ሰው ሐሜቱን ሊያስተባብል በገዛ እግሩ መጥቶ፣ ለዚያውም ሽንት ቤት አጣቢ ሆኖ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሄደ። ዊልሰንም ያኔ በሕይወት ነበር፤ ለእሱም ትንሽ ቦታ ተሰጥታው ገብቷል። ይህ አልበቃ ብሎት ከፊልሙ ተነሥቶ መጽሐፍ ጻፈ። በስሙ የተዋሸውን ውሸት ራሱ አሳትሞ ሸጠው ማለት ነው።

እስኪ ይህን ወደ ሀገር ቤት አምጡት። ስለ አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ወይም ስለ አንድ ሙዚቃ ቤት ባለቤት እንዲህ ያለው ትዕይንት ይቅርና፣ አበዳሪ ፈርቶ በጓሮ በር ሲወጣ የሚያሳይ ፊልም ቢሠራ፣ ፖስተሩ ሳይለጠፍ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ካልሆነለት የቤተሰብ መግለጫ ይከተላል። የሙዚቃ ሰዎቻችንን የምንዘክርበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፦ ጥቁር መደብ፣ ሻማ፣ ከጀርባ ቀስ ያለ ክራር፣ «አንጋፋው»፣ «ባለውለታችን»፣ «በሥራው ሳይጠቀም ያለፈ»። ሰውዬው ቀልደኛ ይሁን ቆንቋና፣ ከባንዱ ጋር ተጣልቶ ከበሮ ይስበር አይስበር፣ የሚነግረን የለም። የሚነገረን ወርቃማ ዘመን እንደነበረ ነው። ወርቅ ደግሞ አያስቅም።

የሚያስቅ ታሪክ ጠፍቶ ቢሆን እሺ። የሙዚቃ አሳታሚውን አምሃ እሸቴን ውሰዱ። በ1948 የወጣ የንጉሡ ድንጋጌ፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ሆኖ፣ ሕጉን እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸና ህንድ ልኮ አሳትሞ አስመጣው። ለኮሜዲ የጎደለ ምን አለ? ልጅ እግር ነጋዴ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ሕግ፣ ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ ያልተፈቀደለት ዘፈን። ሕጉን ከመሳቢያ አውጥቶ አቧራውን የሚያራግፈውን ሹም አስቡት። ከዚያ በኋላ አምሃ መቶ ያህል ሸክላ አሳትሟል፤ ዛሬ ፈረንጅ በውድ ዋጋ የሚሻማበት ሸክላ ነው። በ1975 ደርግ ሲበረታ ወደ አሜሪካ ወጣ፤ ዋሽንግተን ላይም ብሉ ናይል የሚባል ምግብ ቤት ከፈተ። የዚያን ዘመን ሙዚቃ ለዓለም ያዳረሰው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፤ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ከ1997 ጀምሮ አወጣ። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለ ፊልም አደመቀው። ይኸው፣ ሙዚቃችን ኮሜዲ ውስጥ ገብቷል፤ ኮሜዲው ግን የሌላ ሰው ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። በማንችስተሩ ፊልም ውስጥ ዊልሰን ጆይ ዲቪዥን ለተባለው ባንድ ውል የሚፈርመው በገዛ ደሙ ነው። የውሉም ፍሬ ነገር ሙዚቀኞቹ የሥራቸው ባለቤት ናቸው፣ ድርጅቱ የምንም ባለቤት አይደለም የሚል ነው። ትርፉ ደግሞ እኩል ይካፈላል። ለንደን ሬከርድስ የተባለው ሌላ አሳታሚ በስተመጨረሻ ሊገዛቸው መጥቶ ወረቀቱን ሲያገላብጥ የሚገዛ ነገር አጣ። አዳራሹ ውስጥ ሳቁ የፈነዳው እዚህ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ቅናት ቢጤ ሽው አለብኝ። ሀገር ቤት የማውቀው ውል የዚህ ግልባጭ ነው። በካሴቱ ዘመን ድምፃዊው ድካሙን ለሙዚቃ ቤቱ አንዴ ይሸጥና ያችኑ ብር ይዞ ይወጣል። ካሴቱ ከተማውን ቢያጥለቀልቅም፣ በየታክሲው ቢከፈትም፣ እሱ ቤት የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነው። ግጥሙን የጻፈውና ሙዚቃውን ያቀናበረው ደግሞ ስማቸው ሽፋኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ከወጣላቸው አመስግነው ይቀመጣሉ። ሙዚቃ ቤቱም ቢሆን እንደልቡ አልበላም። ኮፒ የሚያደርገው ሰው በነጋታው ሱቁ በር ላይ ያንኑ ካሴት በግማሽ ዋጋ ይዘረጋል። በ2003 ድምፃውያኑ አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው ለወራት አደሙ፤ በዓመቱ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996፤ ይህችኛዋ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ናት) ወጣ። አዋጁ ሲደርስ ካሴት ራሱ ሊሞት ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የፋክተሪ ሰዎች ግን ኮፒ አድራጊ አላስፈለጋቸውም፤ ራሳቸውን በራሳቸው ዘረፉ። ኒው ኦርደር የተባለው ባንዳቸው በ1983 ያወጣው «ብሉ መንዴይ» ሽፋኑ እንደ ፍሎፒ ዲስክ እየተበሳ የተሠራ ነበር። ማሳተሚያው ከመወደዱ የተነሣ ሸክላው በተሸጠ ቁጥር ይከስሩ ነበር ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። ለስብሰባ ከጣሪያ በሽቦ የተንጠለጠለ ጠረጴዛ 30,000 ፓውንድ አውጥተው አሠሩ። በ1982 ደግሞ ሃሲየንዳ የተባለ ትልቅ ጭፈራ ቤት ከፈቱ። ሰው ጢም ብሎ ሲሞላ ገንዘቡ የት ሄደ ትላላችሁ? ወጣቱ የሚያነቃቃ አደንዛዥ ክኒን ውጦ ሲጨፍር ያድርና የሚጠጣው ውኃ ነው። አትራፊው ክኒን ሻጩ ሆነ፤ ቤቱ የመብራትና የኪራይ ብቻ። ለሸክላዎቻቸው የሚሰጡትን ተራ ቁጥር ለጭፈራ ቤቱም ሰጥተውታል፣ 51 ነው። ለድመትም ሰጥተዋል። ዊልሰን በ2007 ሲሞት የሬሳ ሣጥኑ 501 ተባለ።

ለፍርድ እንዳልቸኩል አንድ ነገር ልናገር። እነሱን ያከሰራቸው የራሳቸው ሞኝነት ነው፤ በገዛ ሞኝነት መሳቅ ይቀላል። የእኛን ሌሊት የዘጋው ሰዓት እላፊ ነው፣ ከኋላው ጠመንጃ ነበረ። ሙዚቀኛው ተሰደደ፣ ባንዱ ተበተነ፤ ይህን የኖረ ሰው «ሳቅበት» ቢባል ዱላ ቢያነሣ አልፈርድበትም። ግን እንግሊዞቹም ሞት አላጡም። የጆይ ዲቪዥኑ ድምፃዊ ኢያን ከርቲስ በ1980 ወደ አሜሪካ ሊበሩ ሲሉ በዋዜማው ራሱን ሲያጠፋ 23 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ እዚያ ሲደርስ ቀልዱን ዝቅ አድርጎ ያልፍና እንደገና ያነሣዋል፤ ሟቹ የተናቀ አልመሰለኝም። እንዲያውም ከእኛ የመታሰቢያ ፕሮግራም ይልቅ ሰው ሆኖ ያየሁት እዚያ ነው።

ደግሞ ያ ሰዓት እላፊ ራሱ! በነዚያ ዓመታት ማታ ሙዚቃ ልስማ ብሎ የገባ ሰው መውጫ ስለሌለው እስኪነጋ እዚያው ተቆልፎበት ያድር እንደነበር ታላላቆቻችን ሲያወሩ ትሰሙ የለም? ካድሬው፣ ነጋዴው፣ ከሚስቱ ተደብቆ የመጣው፣ ሚስቱም ከእሱ ተደብቃ የመጣች፣ ሁሉም በአንድ አዳራሽ እስከ ንጋት። ባንዱ የሚያውቀው ዘፈን አልቆ ሁለተኛ ዙር ጀምሯል። የዊንተርቦተም ማንችስተር እንዲህ ያለ ሌሊት አላየችም።

ሀገር ቤት ፊልም የሚሠራ ወዳጄን በስልክ ይህንኑ ሐሳብ አቀረብኩለት። ሳቀ፣ ወደደው። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄው «የሰዎቹ ዘመዶች በሕይወት አሉ?» የሚል ሆነ። አሉ አልኩት። ሁለተኛው «ዘፈኖቹንስ ማንን አስፈቅደን ነው የምናስገባው? ድምፃዊውን፣ ሙዚቃ ቤቱን ወይስ ፈረንሳዮቹን?» የሚል ነበር። እሱን እስካሁን እየጠየቅኩ ነው።