የምሽቱ ሶሎይስት

አዲስ አበባ ውስጥ ማይክ የያዘ ሰው ስሙን ካልጠራው፣ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ገና አልመጣም። መብራቱ ፊቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አዳራሹ በሙሉ ሊያየው ይችላል። መጣ የሚባለው ግን «በሞቀ ጭብጨባ ወደ መድረክ እንጋብዛቸው» ሲባል ነው።

በሠርግ ለምደነዋል። በምርቃት ለምደነዋል። በእድር ስብሰባ እንኳ ገንዘብ ያዡን ከገዛ ጎረቤቶቹ ጋር የሚያስተዋውቅ ሰው አይጠፋም። ክላሲካል ሙዚቃ ግን ከዚህ ይተርፋል ብዬ አስብ ነበር። እዚያ ሶሎይስቱ፣ ማለትም ከኦርኬስትራው ፊት ለብቻው የሚጫወተው፣ ይወጣል፤ ጎንበስ ይላል፤ የቫዮሊኖቹን አለቃ ይጨብጣል፤ ይጫወታል፤ ይሄዳል። ስሙ እጅህ ላይ ባለው ወረቀት ተጽፏል። የፈለገ ያነባል፣ ያልፈለገ ያራግብበታል።

አልተረፈም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ኦርኬስትራ የዘንድሮ ተጋባዥ ሶሎይስቶቹን አስተዋወቀ። ቦታው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለ አንድ አዳራሽ ነው። ልብ በሉ፤ ኮንሰርቱ ገና ነው። ይሄ ሶሎይስቶቹን በኮንሰርቱ ዕለት ከማስተዋወቃችን በፊት የምናስተዋውቅበት ዕለት ነው። እኔ አክስቴን ይዤ ሄድኩ። አክስቴ የምትወደው መዝሙርና የድሮ ዘፈን ነው፤ ግን ሻይ ቡና አለው ስላልኳት መጣች።

ባነሩ ላይ የሦስት ሰዎች ፎቶ አለ። አንዲት ቫዮሊን ተጫዋች፣ አንድ ፒያኒስት፣ አንድ የቼሎ፣ የዚያ ትልቅ ቫዮሊን መሳይ መሣሪያ፣ ተጫዋች። ሦስቱም ከውጭ የመጡ ናቸው። ሦስቱም እንደ ክላሲካል ሰው ሁሉ ወደ ጎን፣ እኛ የማናየውን ነገር ያያሉ። ከሥራቸው የስፖንሰሮቹ አርማ ተደርድሯል። ስፖንሰሮቹ ከሶሎይስቶቹ ይበዛሉ። ከሁሉም በታች፣ መነጽር በሚያስወልቅ ፊደል፣ «እንዲሁም የአገራችን ወጣት ባለሙያዎች» ይላል።

የፊት ወንበሮች «የተያዘ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የቼሎ ተጫዋቾች አውሮፕላን ሲሳፈሩ ለመሣሪያቸው ሁለተኛ ትኬት ይቆርጣሉ፤ ቼሎው እንደ ሰው ወንበር ላይ ታስሮ ይበራል። እዚህ ደርሶ ግን ፊት ልቀመጥ ቢል «ይቅርታ፣ ለክብር እንግዶች ነው» ተብሎ ይነሳ ነበር። የክብር እንግዳው አርፍደው መጡ። ስለ ማርፈዳቸው አልጽፍም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ መድረክ መሪው ወጣ።

ኦርኬስትራ ሲቃኝ አንድ ሥርዓት አለው። ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንዲት ድምፅ ይሰጣል፤ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ «ላ»። ሌላው ሁሉ በእሱ ይቃኛል። መድረክ መሪ የሚቃኘው ደግሞ በ«ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ ሁለት» ነው። «ከኋላ ይሰማል?» አለ። ከኋላ «አይሰማም» አሉ። የሰሙት መሆኑን ማንም ልብ አላለም።

በፒያኒስቱ ጀመረ። የት ተወለደ፣ በስንት ዓመቱ ጀመረ፣ ስንት አገር ዞረ። ከማን እንደተማረም ተነበበ። መምህሩ ደግሞ ከማን እንደተማሩ። የመምህሩ መምህር ከታላቁ ፒያኒስት ከሊስት ተማሪ ዘንድ የተማሩ ናቸው። ሊስት የቼርኒ ተማሪ ነበር። ቼርኒ የቤትሆቨን ተማሪ ነበር። እዚህ ላይ አክስቴ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። እሱ፣ መምህሩ፣ የመምህሩ መምህር፣ የሊስት ተማሪ፣ ሊስት፣ ቼርኒ፣ ቤትሆቨን። ሰባት ቤት! ለጋብቻ የሚያጣሩ ሽማግሌዎች ከዚህ በላይ አይሄዱም። እውነቱን ለመናገር የዓለም ፒያኒስት ግማሹ ዘሩን በዚህ በኩል ይቆጥራል። በእኛ ሥርዓት ቢሆን ፒያኒስትና ፒያኒስት መጋባት ክልክል ይሆን ነበር።

ቀጥሎ ቫዮሊኒስቷ። አሁን መድረክ መሪው ሞቅ አለው። ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገ። ይሄ አደገኛ ምልክት ነው። ሙዚቃ የዓለም ቋንቋ መሆኑን ነገረን። ቅዱስ ያሬድን አነሳ፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይን ዘረዘረ፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ለመመለስ መንገድ ጠፋው። «በመጨረሻም» አለ። ሕዝቡ መዳፉን አዘጋጀ። «ከዚህም በተጨማሪ» አለ። ሕዝቡ መዳፉን መለሰ። ልጅቷ መጋረጃው ጥግ ላይ ቆማለች። ስሟ የተጠራ በመሰላት ቁጥር አንድ እርምጃ ትራመዳለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። ስትወጣ ስትገባ ቆይታ መጨረሻ ላይ ስሟ ሲጠራ፣ ጭብጨባው ቀደመና ዋጠው።

አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማን ነው ያላት ስሟን?» አለችኝ።

አጠገባችን ያለውን ሰውዬ ጠየቅሁት። እሱም አልሰማም። ወላጆቿ በምን እንደሚተዳደሩ እናውቃለን። የመጀመሪያ ቫዮሊኗን ማን እንደገዛላት እናውቃለን።

መቼም ማጋነን የኛ ፈጠራ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆርጅ ብሪጅታወር የሚባል ጥቁር የቫዮሊን ልጅ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1789 ፓሪስ ላይ ሲጫወት ገና ልጅ ነው። አስተዋዋቂው አባቱ ናቸው። አባትየው ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ የመኳንንት ቤት አገልጋይ እንደነበሩ ይገመታል፤ ልጃቸውን ይዘው ሲዞሩ ግን «የአፍሪካ ልዑል ነኝ» ይሉ ነበር። ሰርቶላቸዋል፤ እንግሊዝ አገር ንጉሣውያን ቤት ገቡ። ልጁ ግን ማስተዋወቂያ የሚያስፈልገው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1803 ቤትሆቨን ትልቁን የቫዮሊን ሶናታውን ጽፎለት ቪየና ላይ አብረው ተጫወቱት። ከዚያ በአንዲት ሴት ነገር ተጣሉ ይባላል። ቤትሆቨን ተናደደና ማስታወሻነቱን ክሮይጸር ለሚባል ሌላ ቫዮሊኒስት አዞረው። ክሮይጸር ሶናታውን አንድ ቀን በአደባባይ አልተጫወተውም። ዓለም ግን እስከ ዛሬ «የክሮይጸር ሶናታ» ይለዋል። የተጫወተው ሌላ፣ የተዋወቀው ሌላ።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ርዝመቱ ብቻ አይደለም። በባነሩ ግርጌ ያለችው «እንዲሁም» ናት።

ከውጭ ለመጣ እንግዳ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። እዚሁ ስድስት ኪሎ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው፣ ከሰዓት የሰው ልጅ ፒያኖ የሚያስጠናው፣ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚመታው ሲወጣ «ወንድማችን» ይባላል። አለቀ። «ወንድማችን» ማለት ፍቅር ይመስላል። ሲፈተሽ ግን «የሕይወት ታሪኩን አልጠየቅነውም» ማለት ነው። እንግዳ ክቡር ነው፣ እሺ። የቤት ልጅም ስም አለው።

ፒያኒስቱን ግርማ ይፍራሸዋን አስቡ። መጀመሪያ የያዘው ክራር ነው። ያሬድ ሲገባ ፒያኖ አገኘ፤ ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄዶ አጠና። እኔ መድረክ መሪ ብሆን «በክራር ጀመረ» እልና ማይኩን አስቀምጣለሁ። ማስተዋወቅ ይሄው ነው። ፒያኒስቷን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ደግሞ የኛ ሰው እጅ ላይ ጣሏቸው እስቲ። በልጅነት ስዊዘርላንድ ቫዮሊን፣ ካይሮ ከፖላንዳዊው ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርት፣ ከዚያ ምንኩስና፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም። ይሄን ሁሉ አግኝቶ መድረክ መሪያችን እስከ ንጋት ያወርደው ነበር። እርሳቸው ደግሞ ከዓለም የሸሹ ሰው ነበሩ፤ ገና በሁለተኛው «ከዚህም በተጨማሪ» ላይ ተነስተው ይሄዱ ነበር።

እንግዳ መቀበሉንም ድሮ እናውቅበት ነበር። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ አርመናዊ ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ አመጡ። ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የነሐስ ባንድ ሆኑ። የተሰጣቸው መጠሪያ «አርባ ልጆች» ነው። ሁለት ቃል! ኬቮርክ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ሠራ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ዘመናዊውን ሙዚቃችንን ሲያደራጅ ኖረ። እንግዶች ነበሩ፤ ሠርተው ሠርተው የቤት ልጅ ሆኑ። የኛ ዘመን እንግዳ ሐሙስ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይጫወታል፣ እሁድ ጀበና ይሸለምና በረራውን ይይዛል።

ኮንሰርቱ ደረሰ። ቫዮሊኒስቷ የምትጫወተው የአቀናባሪውን የሜንዴልሶንን ኮንሰርቶ ነው። ኮንሰርቶ ማለት ለሶሎይስትና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው። በክፍሎቹ መሃል ዝም ይባላል። እኛ እናጨበጭባለን። የሚያውቁት ሰዎች ዞር ብለው ያዩናል። እነሱን ለማብሸቅ ደግመን እናጨበጭባለን።

ሜንዴልሶን ግን እ.ኤ.አ. በ1844 አንድ ብልሃት ሠርቷል። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ሁሉም ዝም ሲል፣ ባሱን የሚባል አንድ የትንፋሽ መሣሪያ ብቻ አንዲት ድምፅ ይዞ ይቀራል፤ በዚያች ድምፅ ላይ ሁለተኛው ክፍል ይቀጥላል። ቀዳዳ የለም። ለጭብጨባ አይመችም። ለመድረክ መሪም አይመችም። ሰውዬው አዲስ አበባን አያውቃትም፤ ግን አስቦልናል።

አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶበታል፤ ካዴንዛ። ካዴንዛ ማለት ኦርኬስትራው በሙሉ የሚያቆምበትና ሶሎይስቱ ለብቻው የሚለቅበት ቦታ ነው። በሞዛርት ዘመን ሶሎይስቱ ከራሱ እየፈጠረ ይጫወት ነበር፤ ሲበቃው ሁለት ድምፅ እያፈራረቀ ረዥም ትሪል ያንቀጠቅጣል። ትሪል ሲሰማ የኦርኬስትራው መሪ ዱላውን ያነሳል፤ ኦርኬስትራው ይገባል። አያችሁ? የዓለም ታላላቅ ሶሎይስቶች ማቆሚያ ምልክት ነበራቸው። የኛ «በመጨረሻም» ትሪል ይመስላል፤ ግን ማንም አያምነውም። ሜንዴልሶን ደግሞ ትሪልም አላመነም። ካዴንዛውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ ጻፈው፤ ሶሎይስቱ እንዳያስረዝም።

እንግዲህ ኦርኬስትራው አቆመ። ልጅቷ ለብቻዋ ቀረች። ቀስቷ አራቱም ክር ላይ እየዘለለ ይሮጣል። ያኔ በመጋረጃው ጥግ አንድ ጥቁር ጫማ ብቅ አለ። ቀጥሎ ማይክ። መድረክ መሪያችን ዝምታ አይቷል፤ ዝምታ ደግሞ የእሱ ነው። ምናልባት ልጅቷ የተቸገረች መስሎት ሊረዳት ይሆናል። የኦርኬስትራው መሪ በግራ ዓይኑ አየው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዓይን ያየሁት የሂሳብ አስተማሪዬ ላይ ነው። ጫማው ተመለሰ።

ልጅቷ ግሩም ተጫወተች። አክስቴ መጨረሻው ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ አጨበጨበች። ኮንሰርቶው ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከማስተዋወቂያው ያጥራል፤ እኔ ግን ከማስተዋወቂያው የማስታውሰው ሻይ ቡናውን ብቻ ነው።

አዘጋጆቹ አስተያየት መስጫ ወረቀት አደሉ። እኔም ጻፍኩ። መድረክ መሪው በካዴንዛ ሕግ ይተዳደር አልኩ። ንግግሩ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይጻፍለት። የሚጀምረው በተጋባዡ ስም ይሁን። ሲበቃ ኦቦው «ላ» ይስጠው። የአገራችን ልጆች ፎቶም ባነሩ ላይ ይውጣ።

ሁለተኛው ኮንሰርት ላይ አስተያየቱ መነበቡን አየሁ። ባነሩ ላይ አዲስ ፎቶ ተጨምሯል። የመድረክ መሪው ነው። ወደ ጎን ያያል። መብራቱ ደብዘዝ ሲል አንድ ወጣት ማይክ ይዞ ወጣና «የዕለቱን መድረክ መሪያችንን ወደ መድረክ ከመጋበዜ በፊት» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገ።