ንብ በመጥረግ ነው የምትጀምረው

ስለ ንብ ያልሰበከ ሰባኪ ያለ አይመስለኝም። ትጋቷ ይነሳል፣ ኅብረቷ ይነሳል፣ ማሯ ይነሳል። አንዳንዱ መጽሐፈ ሲራክን ይጠቅሳል፤ ንብ ከሚበርሩት መካከል ትንሽ ብትሆንም ፍሬዋ ከጣፋጭ ሁሉ ይልቃል የሚለውን። ደግ ነው። ግን ሁሌም የሚነገረን አበባ ላይ ስላረፈችው ንብ ነው። እዚያ አበባ ላይ እስክትደርስ ምን ስትሠራ እንደቆየች የሚያነሳ የለም። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን እዚያ ነው።

ሠራተኛ ንብ በሥራ ወቅት የምትኖረው 6 ሳምንት ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ ከቀፎ አትርቅም። የማር እንጀራውን ክዳን በልታ ብቅ ስትል ገና ለጋ ናት። ፀጉሯ ግራጫ ነው፣ መንደፊያዋም አልጠነከረም። ታዲያ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች? ዞር ብላ ጭንቅላቷን የተወለደችበት ክፍል ውስጥ ትከትና እየላሰች ታጸዳዋለች። ከዚያ ጎኑ ያለውን፣ ከዚያ ቀጣዩን። ንግሥቲቱ እንቁላል የምትጥለው በጸዳ ክፍል ነው። የዚህች ጠራጊ ሥራ ካልቀደመ ተከታይ ትውልድ የለም።

ከቀናት በኋላ እጮቹን መመገብ ትጀምራለች። ቀጥላ ከሆዷ ሥር ሰም እያወጣች እንጀራ ትሠራለች። ቀሳሚዎቹ ከአበባ ያመጡትን ፈሳሽ ተቀብላ፣ በክንፏ እያራገበች ውኃውን ታደርቃለች። በር ላይ ዘብ ትቆማለች። አበባ መቅሰም የመጨረሻው ሥራዋ ነው። ቀኑ እንደ ቀፎው ሁኔታ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ተራው ይኸው ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። አንድ ወጣት ድምፁ ካማረ፣ ወይም አንደበቱ ከተፈታ፣ በቃ፣ ማይክ ይሰጠዋል። ብዙም ሳይቆይ ዩቲዩብ ላይ ነው። ከዚያ ፎቶው ፖስተር ላይ ይወጣል። ምንጣፍ አንጥፎ አያውቅም። የታመመ ጠይቆ አያውቅም። ይህ በኦርቶዶክሱም በፕሮቴስታንቱም ቤት ያለ ጉድ ነው፤ ማንም በማንም ላይ ጣት መቀሰር አይችልም። ልጆቹን አልወቅስም። ማይኩን ያስጨበጥናቸው እኛው ነን። እልልታውም ጭብጨባውም የእኛው ነው።

አባቶች ይህን ያውቁት ነበር። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ቅኔውን የሚቆጥረው በዚያው መሃል ነው። ገዳም የገባም ቆብ ከመድፋቱ በፊት በአመክሮ ይቆያል፤ ያገለግላል፣ ይታዘዛል፣ ይታያል። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ኤጲስ ቆጶስ አዲስ ክርስቲያን እንዳይሆን ይከለክላል። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ ነው። ዲያቆናትም አስቀድመው ይፈተኑ ይላል።

«መከሩ ብዙ ነው፣ ሠራተኞቹ ጥቂቶች ናቸው፣ ወጣቱን ለምን ታስሩታላችሁ?» የሚሉ አሉ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። ግን ቀፎም ይኸው ይገጥመዋል። ቀሳሚዎቹ በበሽታ ወይም በፀረ ተባይ መርዝ ሲያልቁ፣ ለጋዎቹ ያለ ጊዜያቸው ይወጣሉ። ቀፎው ለጊዜው ይተነፍሳል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ያለ ጊዜያቸው የወጡት ብዙም ሳይመላለሱ ይሞታሉ። እነርሱን ለመተካት ደግሞ ከእነርሱም የባሱ ለጋዎች ይወጣሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀፎው ባዶውን ሊቀር ይችላል። በአንድ ጀምበር ገንኖ፣ በሌላ ጀምበር ከአገልግሎትም ከእምነትም የጠፋ ስንት ሰው አይተናል? ስም መጥራት አያሻም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የሚያውቀው አለ።

ቀፎ ውስጥ ያለው ሁሉ ወንጌል ነው ማለቴ አይደለም። ምግብ ሲያጥር ሠራተኞቹ ድንጉላዎቹን፣ ማለትም ወንዶቹን ንቦች፣ እየጎተቱ ከቀፎ ያስወጧቸዋል፤ እነርሱም በረሃብና በብርድ ያልቃሉ። ይህን ለምእመናን ምሳሌ አድርጎ የሚሰብክ ካለ እኔ የለሁበትም።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። እጭ የሚመግቡት ሲጠፉ፣ አበባ ስትቀስም የነበረች ንብ ወደ ውስጥ ተመልሳ ሞግዚት ልትሆን ትችላለች። የምግብ ዕጢዋ እንኳ እንደገና መሥራት ይጀምራል። ስመ ጥር ሰባክያኖቻችን ይህን ቢሞክሩት ምን ይመስላቸዋል? በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሕፃናት ክፍል አስተማሪ ይቸግራል። ከጉባኤ ጉባኤ ሲዞር የሚከርም መምህር፣ ለአንድ ዓመት ያህል ፖስተሩን ትቶ እሑድ እሑድ ሕፃናቱን ጸሎተ ሃይማኖት ያስጠና። ልጆቹ ዝነኛ መሆኑን አያውቁም። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ መታኝ» ይሉታል፤ ስብከቱን መሃል ላይ አቋርጠው ሽንት ቤት ያስፈቅዱታል።