ልጆችና አንድ ባስ ዘማሪ ብቻ የተገኙበት ፋሲካ

በእንግሊዝ አገር ኢትዮጵያውያን ምዕመናን ተከራይተው በሚያስቀድሱባቸው አንዳንድ የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋኑ እንደተቆለፈ ከበሮው ይመታል። ያ የተቆለፈ መሣሪያ ከኋላው ያለው ትምህርት ግን ከዜማ ቤት ብዙም አይርቅም።

የወደፊቱ ኦርጋን ተጫዋች ብዙውን ጊዜ በ8 ዓመቱ ገደማ ካቴድራል ገብቶ ድምፁ እስኪጎረምስ ይዘምራል። የጸሎት መጽሐፋቸው 150ውን መዝሙረ ዳዊት በ30 ቀን ጠዋትና ማታ ከፋፍሎታል፤ እንደኛው ተማሪ እሱም መጀመሪያ ከዳዊት ጋር ያድጋል። ኦርጋኑን ድሮ በካቴድራሉ ሊቅ እግር ሥር ይማር ነበር፤ ዛሬ መንገዱ በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ጸሎት ቤት በኩል ነው። በ1864 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኦርጋን ተጫዋቾች ኮሌጅ ሲፈትን ያላዩትን ኖታ መጫወትን፣ ዜማን ከፍ ወይም ዝቅ ወዳለ ሌላ የድምፅ መነሻ ማዛወርን ይጠይቃል።

ጀማሪውን የሚጥለው ርቀቱ ነው። ተጫዋቹ ከላይ፣ ዘማሪው ከታች ነው፤ ድምፅ ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሮውን ካመነ ወደ ኋላ ይቀራል፣ መዘምራኑንም ይጎትታል። ስለዚህ በመስታወት ወይም በካሜራ የመሪውን እጅ እያየ፣ ከሚሰማው ቀድሞ ይጫወታል።

የዚህ ሙያ ዕጣ በእንግሊዛዊው ኦርጋን ተጫዋችና የዝማሬ ደራሲ በሳሙኤል ሴባስቲያን ዌስሊ ሕይወት ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ1810 ተወለደ፤ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረም ኦርጋን ተጫወተ፦ በ1832 ሄርፎርድ፣ በ1835 ኤክሰተር፣ በ1842 ሊድስ፣ በ1849 ዊንቸስተር፣ በ1865 ግሎስተር። ከአስተዳዳሪዎች ጋር መስማማት አልሆነለትም። በ1834 ፋሲካ ሄርፎርድ ላይ የተገኙለት ልጆችና አንድ ባስ (ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ ዘማሪ) ብቻ ነበሩ። ከ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 1 ቃል ወስዶ ለነዚሁ ደረሰላቸው፦ የአዋቂ ወንዶቹን ክፍል በአንድ የዜማ መስመር አስኬደው፤ መካከሉን አንድ ልጅ ብቻውን ይዘምራል፣ ጓደኞቹ ይቀበሉታል። «ሥጋ ሁሉ እንደ ሣር ነው» የሚለው ዝግ ብሎ ሲያልቅ ኦርጋኑ ሳይታሰብ በሙሉ ኃይሉ ያልተፈታ ኮርድ (በአንድ ላይ የሚመቱ፣ ማረፊያ የሚፈልጉ ድምፆች) ያወርዳል፤ «የጌታ ቃል ግን ለዘላለም ይኖራል» ከዚያ ይፈነዳል። ለአንድ ቀን ችግር የተደረሰው ዝማሬ እስከ ዛሬ ይዘመራል።

በእኛ ዘንድ፣ በተለይ በስደት አጥቢያ፣ ሊቃውንት ሲያንሱ ማኅሌቱ ያጥራል እንጂ በተገኘው ሰው ልክ አዲስ ዜማ አይደረስም። የያሬድ ዜማ ይጠበቃል፤ መምህሩ የራሱን የሚያፈልቀው በቅኔ ነው፣ እሱም ለዕለቱ ነው። ይህን እንደ ድክመት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ጥንካሬውም እዚያው ይመስለኛል፤ ዌስሊ ሲሄድ መዘምራኑ ይዳከማሉ፣ ድጓው ግን መምህር ቢቀየርም ያው ነው።

እንጀራ ላይ ግን ዌስሊ ከመሪጌታው ብዙም አልተሻለም። በ1849 ባሳተመው ጽሑፍ ካቴድራል ቢያንስ 12 ወንድ ዘማሪ ያስፈልገዋል ብሎ ሞገተ፤ ሰሚ አጣ። በ1873 ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን የ«ሰር» ማዕረግ ወይም በዓመት 100 ፓውንድ ጡረታ እንዲመርጥ ጠየቁት። ጡረታውን መረጠ።