ሲስተም የለም

ሰኞ ጠዋት ባንክ ሄድኩ። 40 ደቂቃ ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ሲስተም የለም» አለኝ። ድምፁ መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነው። «እግዜር ያጽናችሁ» ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ቃሉ ከግሪክ ተነስቶ እኛ ጋ የደረሰው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ግሪኮቹ ብዙ ነገሮች አንድ ላይ ሲቆሙ ነበር እንዲህ የሚሉት። እኛ ጋ ሲደርስ መቆሙ ቀረና ይወድቅ ጀመር። ይወድቃል፣ ይጨናነቃል፣ ይሄዳል። ይባስ ብሎ «አይቀበልም»። ሰው እምቢ ቢል ሽማግሌ ይላክበታል። ሲስተም ጋ ማን ይላካል?

አንዳንዴ ደግሞ ቸርነት ይነሳበታል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ፣ ሰው ከሌለው ሂሳብ ብር ሲያወጣ አደረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ደጃፍ ተሰለፉ። ያን ሌሊት «ሲስተም የለም» ያለ አልነበረም። ኋላ ግን ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ለጠፈ።

አክስቴ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ቃሉን ግን ከባንኩ ልጅ በላይ ትችልበታለች። ያበደርከው ገንዘብ የሚጠየቀው «በሲስተም» ነው። ከለቅሶ ቤት በጊዜ የሚወጣው በሲስተም ነው። ሰርግ ላይ ሁለተኛ ዙር ክትፎ የሚነሳው፣ እሱም በሲስተም ነው። እኔ አንዴ አከራዬን ፊት ለፊት «ሽንት ቤቱ ይሸታል» ብዬው ኪራይ ጨመረብኝ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ባየችኝ ቁጥር «አንተ እኮ ሲስተም የለህም» ትለኛለች።

ማክሰኞ ከእሷ ጋር ተመለስኩ። ዛሬም ሲስተም የለም። አክስቴ መስኮቱን ተደገፈች።

«የኔ ልጅ፣ ምነው ከሳህብኝ? እናትህ ደህና ናት?»

እናቱን በዓይኗም አይታት አታውቅም። ልጁ ግን ፊቱ በራ። ስለ እናቱ ጉልበት አወሩ። ጠበል ጠቆመችው።

«እስቲ ልሞክርልዎ፣ እማማ» አለ።

ብሯን ቆጥራ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። እኔም ፈጠን ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁ።

«ወንድሜ፣ ሲስተም የለም አልኩህ እኮ!»

አክስቴ በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች።

«እኔ ስነግርህ አትሰማም» አለችኝ።